የደቅ ደሴት የፀሐይ መስታወትና የአቶ መርስዔ ኀዘን ወልደ ሐዋርያት ሕይወት

በዚህ ቅጽር ግቢ የቆማችሁ አባቶች ካህናት፣ ከባሕር ዳር ማልዳችሁ ሐይቁን ተሻግራችሁ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸውና የዕድር ወዳጆቻቸው፣ የደቅ ሰዎችም ሁላችሁ፤ በዛሬው ዕለት ኅዳር 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ ማረፊያቸው የምንሸኛቸውን የአቶ መርስዔ ኀዘን ወልደ ሐዋርያትን የሕይወት ታሪክ በአስከሬናቸው ፊት እናነባለን። ጽሑፉን ያዘጋጀውም የሚያነበውም ታናሽ ወንድማቸው ሀብተ ሥላሴ ነው። ታሪኩ የሟች እንጂ የአንባቢው ስላልሆነ፣ የዚህ ዓይነቱ ንባብ ደንብም ስለማይፈቅድ፣ ሀብተ ሥላሴ በጽሑፉ ውስጥ «እኔ» አይልም፤ ስሙ በሚነሣበት ቦታ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር ሆኖ ይናገራል። ንባቡ ከተለመደው ትንሽ ይረዝማል። ጀልባችሁ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሣ መመለስ እንዳለበት ቢታወቅም፣ በቁማቸው ሳሉ ያልተነገረላቸው ነገር ስላለ እስከ መጨረሻው ታደምጡ ዘንድ በትሕትና ይለምናችኋል።

አቶ መርስዔ ኀዘን ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን በሰኔ ወር 1936 ዓ.ም. በዚሁ በደቅ ደሴት ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱ ሁለት ሕፃናት በኩፍኝ ሞተው ስለ ነበር፣ ወላጆቻቸው ሐዘናቸውን የሚያስረሳ ልጅ አገኘን ብለው ስማቸውን መርስዔ ኀዘን አሏቸው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ጾመ ድጓም ጀምረው ነበር። ድምፃቸው እጅግ የሚወደድ ቢሆንም ልባቸው በዜማው ላይ አልረጋም፤ ከጎርጎራ የሚመጣው የሞተር ጀልባ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ትምህርቱን ከመሐል አቋርጠው ወደ ዳር ይበሩ እንደ ነበር፣ አባታቸውም አርጩሜ ይዘው ይከተሏቸው እንደ ነበር በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ።

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ለሁለቱም ልጆቻቸው አጥብቀው ካስተማሯቸው ነገሮች አንዱ የምሥራቅ ክብር ነው። ሰው ሲጸልይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ እንዲቆም፣ ሲሞትም ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ተደርጎ እንደሚቀበር፣ ብርሃን የሚጠበቀው ከዚያ ወገን መሆኑን ሳይታክቱ ይነግሯቸው ነበር። ታላቁ ልጅ ይህን ሰምተው ወደ ከተማ ሄዱ፤ ታናሹ ሀብተ ሥላሴ ግን ይህንኑ ይዞ ከአባቱ ወንበር አጠገብ ቀረ። ኋላ የደረሰው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው ነገሩ እዚህ ላይ መጠቀሱ።

በ1947 ዓ.ም. አቶ መርስዔ ኀዘን በታንኳ ተሳፍረው ወደ ባሕር ዳር ተሻገሩ፤ ሰባታሚት ይኖሩ ከነበሩት ከአክስታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ቤት ተቀምጠው በእግራቸው እየተመላለሱ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ከዚያም ወደ ፖሊ ቴክኒኩ ገብተው የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረው በ1960 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ። በተማሪነታቸው ዘመን ከዚሁ ከሐይቃችን የሚወጣው ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ ተይዞ ለከተማው መብራት መስጠት ጀምሮ ነበር። ለዕረፍት ወደ ደሴቱ ሲመጡ ማታ ከዳር ቆመው ማዶ የሚታየውን የከተማውን መብራት አሻግረው እያዩ፣ ውሃው የኛ ሆኖ ብርሃኑ ለምን የነሱ ብቻ ይሆናል እያሉ ይበሳጩ እንደ ነበር እናታቸው ይናገራሉ። ሽቦው በውሃ ላይ እንደማይዘረጋ ራሳቸው ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም ይበሳጩ ነበር።

በተመረቁበት ዓመት በክፍለ ሀገሩ ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጥረው በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን የክሊኒክና የጽሕፈት ቤት ጄኔሬተሮች መጠገንና ናፍጣ ማድረስ ሥራቸው ሆነ። በርሜሉን በጀልባ ጭነው ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ደቅ ሲመላለሱ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። በ1961 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ሠራተኛ ከነበሩት ከወይዘሮ የብርጓል አዘዘ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው አንዳርጋቸውንና ወለተ ሚካኤልን ወለዱ። ወይዘሮ የብርጓል የባላቸውን ልብስ በስንት ሳሙና ቢያጥቡት የናፍጣው ሽታ አልለቅ እያለ ቢያስቸግራቸው፣ ያገባሁት መሐንዲስ ነው ወይስ ኩራዝ ነው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በቤታቸው ሳቅ አይጠፋም ነበር፤ ያ ሳቅ የጠፋበትን ዓመት ኋላ እናነሣዋለን።

በ1973 ዓ.ም. ለደቅ ክሊኒክ የክትባት መድኃኒት ማስቀመጫ ማቀዝቀዣ መጣ፤ የሚሠራውም በጄኔሬተር ነበር። የሕፃናቱ ክትባት ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ኃይሉን አጥቶ እንደ ተራ ውሃ ስለሚሆን ጄኔሬተሩ መቆም አልነበረበትም። በ1974 ዓ.ም. የካቲት ወር ግን ናፍጣ በኩፖንም ቢሆን ከከተማው ጠፋ፤ ለክሊኒኩ የተመደበው በርሜልም ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ተዛወረ ተባለ። ማቀዝቀዣው አርባ ዘጠኝ ቀን ቆመ፤ ክትባቱ ተበላሸ፤ ሌላ ክትባት እስኪመጣም ኩፍኝ ቀድሞ ገባ። በዚያ ሚያዝያ ይህች ደሴት አሥራ አንድ ሕፃናት ቀብራለች። ከእነሱ አንዷ የሀብተ ሥላሴ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ባንቺአየሁ ነበረች።

አቶ መርስዔ ኀዘን ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተው ያገኙትን በርሜል ይዘው የደረሱት እሷ በተቀበረችበት ዕለት ነው። በርሜሉን ከጀልባው እያንከባለሉ ሲያወርዱ የለቅሶውን ድምፅ ሰሙ፤ የማን ለቅሶ እንደ ሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ ወንድማቸውን ከሐዘንተኞቹ መካከል ቆሞ ሲያዩት ነው ያወቁት። ከቀብሩ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች በዳሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ታላቁ ቀና ብለው፣ «ፀሐይ በየቀኑ ሳትጠራ ትመጣልናለች፤ እኛ ግን ጀልባ እንጠብቃለን» አሉ። ሀብተ ሥላሴ በዚያ ሰዓት ነገሩ ልቅሶ መስሎት ነበር። ለካ ሐሳብ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ መርስዔ ኀዘን በሌላ አገር የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ መኖሩን በመጽሔት አንብበው፣ እኛ ኋላ የፀሐይ መስታወት ብለን የጠራነውን ይህን ዕቃ ለደሴቶቹ ክሊኒኮች ለማስመጣት ያልረገጡት ደጃፍ፣ ያልጻፉት ማመልከቻ አልነበረም። ያጋጠማቸው እንቅፋት ግን ከፀሐይዋም ከመስታወቱም አልነበረም፤ ከወረቀቱ ነበር። ናፍጣ ለልማት ነው ተብሎ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከተገዛበት በታች ሲሸጥ፣ የፀሐይ መስታወት ግን ከሽቶና ከቴፕ ሪኮርደር ጋር በቅንጦት ዕቃ መደብ ተመዝግቦ ከዋጋው የሚበልጥ ቀረጥ ይጠየቅበት ነበር። የናፍጣ በጀት በየዓመቱ ማንም ሳይጠይቀው ይጸድቃል፤ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ሃያ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ግን የሚገባበት የበጀት መደብ አልነበረውም። የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል መጀመሪያ የቀረጥ ነፃ ወረቀት አምጣ ይላል፤ የቀረጡ ክፍል ደግሞ መጀመሪያ የምንዛሪውን ፈቃድ አምጣ ይላል፤ እሳቸውም ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ። ከነዚህ ቢሮዎች በአንዱ የነበሩ ኃላፊ፣ «ጓድ መርስዔ ኀዘን፣ ፀሐይ ልብስ ለማድረቅ ጥሩ ናት» ብለው እንደ ሸኟቸው ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር፤ የሳቁት ግን ከአፋቸው ብቻ ነው።

እሳቸው ግን ማማረር ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በገዛ እጃቸው ባዘጋጁት ረቂቅ መመሪያ፣ መስመር በማይደርስባቸው ክሊኒኮች የሚተከል የፀሐይ መስታወት ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን፣ ናፍጣ የተወ መሥሪያ ቤት ያተረፈውን ገንዘብ ወደ ማእከል ሳይመልስ ለራሱ እንዲጠቀምበት፣ ገበሬ ማኅበራትም መስታወቱን ወስደው ዋጋውን ከምርታቸው በየዓመቱ በጥቂቱ እንዲከፍሉ፣ ከየደሴቱም አንድ አንድ ሰው ተመርጦ ጥገና እንዲማር አሳሰቡ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ነበረ፤ አለቆቻቸው ሠራተኛ መቅጠር ያስከትላል ብለው ሰረዙት። እሳቸውም ሌላው እንዲያልፍላቸው ብለው ተዉት፤ ኋላ በሕይወታቸው እንደዚያ የተጸጸቱበት ነገር የለም።

አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ስድስት መስታወቶች ለደቅ፣ አርባ ደግሞ ለሌሎች ክሊኒኮች በዕርዳታ ላከ። ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን አሥራ አራት ወር ከተቀመጠ በኋላ ስድስቱ ብቻ ለሙከራ እንዲለቀቁ ተፈቀደ፤ ይኸውም በደቅ ክሊኒክ ያለው ማቀዝቀዣ በፀሐይ ኃይል አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ከሠራ ረቂቁ መመሪያ ሊፈረም፣ አርባዎቹም ሊለቀቁ፣ ካልሠራ ግን ጉዳዩ ሊዘጋ ነው። እንግዲህ የነዚያ ሁሉ ክሊኒኮች ዕጣ በዚህች ደሴት ጣራ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው።

በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ሳምንት፣ አቶ መርስዔ ኀዘን ስድስቱን መስታወቶች በክሊኒኩ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብለው አሰሩ። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ስትሻገር እንዲህ ሲሆን ነው ሙሉ ቀን የምታርፍበት። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲያይ ሀብተ ሥላሴ ወደ መሰላሉ ተጠግቶ፣ «ጋሼ፣ ፀሐይ የምትወጣ በምሥራቅ፤ እንዴት ጎኑን ሰጥተህ ታስቀምጠዋለህ?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ጀልባው እየጠበቃቸው ነበርና ብሎኑን እያጠበቁ፣ «ይኸ ጸሎት አይደለም፣ ሀብቴ» ብለው ሳቁ። በሰው ፊት ነበር የሳቁት። ክፋት አልነበረበትም፤ ሀብተ ሥላሴ ግን ጥምጥሙን አስተካክሎ ከዚያ ሄደ።

ማቀዝቀዣው ያለ አንድ ጠብታ ናፍጣ ሠራ። የክሊኒኩ ጤና ረዳት አቶ አስማማው በየጠዋቱና በየማታው ሙቀቱን እየለካ በደብተር ሲጽፍ እስከ መጋቢት ድረስ ቁጥሩ ከአራትና ከአምስት ዲግሪ አላለፈም። በዚያ ዓመት ኩፍኝ በሌላው አገር ሲዘዋወር ወደ ደቅ አልገባም፤ ልጆቻችሁ በክንዳቸው ላይ የያዙት የዚያ ዓመት የክትባት ጠባሳ ነው። አቶ መርስዔ ኀዘንም በሚያዝያ መጀመሪያ መመሪያው በሚጸድቅበት ጉዳይ እንዲሠሩ ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው ሄዱ፤ እስከ ጳጉሜም እዚያው ቆዩ።

እሳቸው በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት ከሐይቁ የተነሣው ብርቱ ነፋስ የክሊኒኩን ጣራ አንድ ወገን ገንጥሎ የመስታወቶቹን ማሰሪያ አጣመመው። መስታወቶቹን ከመውደቅ ያዳናቸው፣ በዝናብ ውስጥ ጣራ ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ በጀርባው ተሸክሞ ያወረዳቸው ሀብተ ሥላሴ ነው። ይህን ደቅ ሁሉ አይቷል። በማግሥቱም የጽድ ግንዶች አስቆርጦ ከክሊኒኩ በስተ ምሥራቅ፣ ከግድግዳው ሥር ተክሎ፣ መስታወቶቹን ሰው ለጸሎት እንደሚቆም ቀጥ አድርጎ አቆመና፣ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ በሚወጠርበት ጠፍር ጥርቅም አድርጎ አሰራቸው፤ ጠበልም አስረጨባቸው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆሙ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ስድስቱም ሲያንጸባርቁ ሴቶቹ እልል አሉ።

ከቀትር በኋላ ግን የግድግዳው ጥላ በላያቸው ላይ ይወድቅ ነበር። አቶ አስማማው መስታወቱ መዞሩን ቢያይም፣ ያዞረው የአቶ መርስዔ ኀዘን ወንድም ስለ ሆነ ከታላቁ ቢታዘዝ ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ስልክም ሆነ ቴሌግራም በደሴቱ አልነበረም። ሰማዩ ጠራ ባለበት በግንቦት የግማሽ ቀን ፀሐይ እንደ ምንም አብቃቃች። ክረምቱ ሲገባና ደመናው ሲወርድ ግን የቀኑን ኃይል ለሌሊት የሚያቆዩት ባትሪዎች ደከሙ፤ በደብተሩ የተጻፈው ቁጥር በሰኔ ዘጠኝ ዲግሪ፣ በሐምሌ አሥራ ስድስት ዲግሪ ሆነ፤ በነሐሴ ማቀዝቀዣው ጨርሶ ቆመ። ክትባቱ ሁሉ ተጣለ።

በ1978 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የሙከራው ገምጋሚ ኮሚቴ በሰብሳቢው በጓድ ዳኘው መሪነት ከአቶ መርስዔ ኀዘን ጋር በአንድ ጀልባ መጣ። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ስለ አርባዎቹ መስታወቶች ሲያወሩ እንደ መጡ ኋላ ተሰምቷል። ከዳር ወጥተው ክሊኒኩ ጋ ሲደርሱ ግን ባዶውን ጣራ አዩ፤ ቀጥለውም ግንዶቹን አዩ። ቀረብ ብለው አንዱን የጠፍር ቋጠሮ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ያ ቋጠሮ አባታቸው ከበሮ ሲወጥሩ የሚቋጥሩት፣ ከሳቸው በቀር ያስተማሩት አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቋጠሮ ነው። ሰውየው ከፊት ረድፍ ቆሞ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያም ዓይናቸውን መለሱ።

ጓድ ዳኘው ደብተሩን ካገላበጡ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህን የመንግሥት ንብረት ከጣራ አውርዶ እዚህ የተከለው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የመንግሥት ንብረት አበላሸ የተባለ ሰው፣ ይልቁንም ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ከሆነ፣ አሻጥረኛ ተብሎ ምን እንደሚደርስበት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ጊዜ አቶ መርስዔ ኀዘን፣ «እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ጽፌ እንዲህ እንዲተከል ያዘዝሁ እኔ ነኝ። እነሱ የታዘዙትን ነው የፈጸሙት፤ ስህተቱ የኔ ነው» አሉ። የደቅ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ኮሚቴው የፀሐይ ኃይል ለአገራችን ሁኔታ አስተማማኝ አለመሆኑ በተግባር ተረጋግጧል የሚል ሪፖርት ጻፈ። ረቂቁ መመሪያ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ የፀሐይ መስታወትም በቅንጦት ዕቃ መደብ እንደ ተመዘገበ ቀረ። አርባዎቹ መስታወቶች ወዴት እንደ ደረሱ የሚያውቅ የለም። ጄኔሬተሩ ተመልሶ መጣ፤ ናፍጣውም እንደ ዱሮው አንዴ እየመጣ አንዴ እየቀረ ይኸው እስከ ዛሬ አለን። አምና በክረምት ኩፍኝ ስንቱን ሕፃን እንደ ወሰደብን መቃብሮቹ ከፊታችሁ ናቸው።

አቶ መርስዔ ኀዘን በኢኮኖሚ አሻጥር ተጠርጥረው ሰባት ወር ታሰሩ። ያደሩበት ክፍል ወለሉ እርጥብ ነበርና ሳል ይዘው ወጡ። ወደ ሙያቸው እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም፤ በነዳጅ መጋዘን ዕቃ ጠባቂ ሆነው ተመደቡ፤ ያን ያህል ሊገላገሉት የደከሙለትን ናፍጣ በበርሜል እየተረከቡ በበርሜል ሲያስረክቡ፣ ሽታውን ሲተነፍሱ ዋሉ። ወይዘሮ የብርጓል ስለ ልብሳቸው ሽታ መቀለድ ተዉ። ልጃቸው አንዳርጋቸው ባለፈው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው ተቋርጧል፤ የአባቱንም ሞት አልሰማም።

በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ወደ ደቅ መጡ። ኮሚቴው የተሰነጠቀ ነው ብሎ ትቶት የሄደ አንድ መስታወት ከክሊኒኩ ጓሮ ሣር በቅሎበት አገኙ፤ አጥበው፣ አድርቀው፣ በጣራው ላይ ወደ ደቡብ አዘንብለው አሰሩት። ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ኃይል አልነበረውም፤ እናቶች በሚወልዱበት ክፍል ግን አንዲት አምፑል በራች። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ትበራ ነበር። በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አልተጻፈችም። ያን ዕለት መሰላሉን የያዘላቸው ሀብተ ሥላሴ ነበር፤ እሳቸውም ብሎኑን እያጠበቁ በዚህ ጊዜ ሳይስቁ፣ ለምን ወደ ደቡብ እንደሚዘነበል፣ ፀሐይ በመንፈቁ ወዴት እንደምትሄድ፣ ጥላ ለምን እንደሚጎዳው ቀስ ብለው፣ ለተማሪ እንደሚነገር አድርገው አስረዱት። «ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ ነግሬህ ቢሆን» አሉና ሳል አቋረጣቸው።

እንግዲህ ያልተነገረው ነገር ይህ ነው። ከአዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም። አቶ አስማማውም ምንም ደብዳቤ እንዳልደረሰው እያወቀ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ሀብተ ሥላሴ መስታወቱን ያዞረው ማንም ሳያዘው፣ ወንድሜ ከተማ ገብቶ የአባታችንን ትምህርት ረሳ፣ እኔ አቃናለታለሁ በሚል ልብ ነው፤ በሰው ፊት የተሳቀበትም ቁጭት አልወጣለትም ነበር። ልጁን የቀበረ ሰው ለሌሎች ልጆች የመጣውን ክትባት በገዛ እጁ አበላሸ። ወንድሙ ስለ እሱ ሲናገሩለት፣ ወታደሮችም መጥተው በጀልባ ሲወስዷቸው፣ ከፊት ረድፍ ቆሞ አንድ ቃል አልተናገረም። ፈራ። ፍርሃቱን ትሕትና ነው፣ የታላቅን ቃል ማክበር ነው እያለ ሦስት ዓመት ራሱን ሲያታልል ኖረ።

አምፑሏ በበራችበት ማታ ሀብተ ሥላሴ ከወንድሙ እግር ላይ ወድቆ ነገሩን ለጓድ ዳኘው ሄጄ ልንገር ቢላቸው፣ «ተወው። አንተ ልጅህን ቀብረሃል፤ ሌላ ምን ትከፍል ብለህ ነው?» ብለው አነሡት። ደግመው አላነሡትም፤ እንዲነሣባቸውም አልፈቀዱም። ከከበሬታቸው ይልቅ ወንድማቸውን፣ ዕድሜ ልካቸውን ከደከሙለት ሥራም ይልቅ ወንድማቸውን መረጡ። ሀብተ ሥላሴ ይህን ፍቅር ተቀብሎ መኖር እንደ ከበደው ለዚህ ጉባኤ አይሰውርም።

ሳሉ እየጠናባቸው ሄዶ ከነሐሴ ወር ጀምሮ በባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ፣ በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው ኅዳር 13 ቀን 1981 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በደቅ፣ ከባንቺአየሁ አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዘው ነበርና አስከሬናቸው ትናንት ሐይቁን ተሻግሮ መጣ። ጀልባው የመጣው በናፍጣ ነው።

አቶ መርስዔ ኀዘን የሃያ ዓመት ባለቤታቸውን ወይዘሮ የብርጓል አዘዘን፣ በዘመቻ ላይ ያለውን ልጃቸውን አንዳርጋቸውን፣ ከአጠገባችን ቆማ የምታለቅሰውን ልጃቸውን ወለተ ሚካኤልን፣ ሦስት ልጅ ቀብረው አራተኛውን የያዙትን እናታቸውን እማሆይ ወለተ ኪዳንን፣ ታናሽ ወንድማቸውንም በሐዘን ትተው ሄደዋል። ፀሐይና ጨረቃ ሳይፈጠሩ የነበረው ብርሃን ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ቀረጥ በማይጠየቅበት፣ ናፍጣ በማያልቅበት አገር ያሳርፋቸው፤ በጦር ሜዳ ያለውን ልጃቸውንም ለእናቱ ያብቃላት። አሜን።

አባቶች፣ አሁን ሣጥኑ ሲወርድ እንደ ሥርዓታችን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርጋችሁ አሳርፏቸው፤ ለሰው ልክ የሆነው አቅጣጫ ያ ነው። ንባቡ አልቋል። በዚያ ቀን በጓድ ዳኘው ፊት መባል ሲገባው ሳይባል የቀረ አንድ ቃል ግን ቀርቷል፤ ለሚመለከተው ክፍል የሚያደርስ በመካከላችን ካለም ያድርስ፤ ደንቡም ይቅር ይበለኝ።

መስታወቱን ያቆምሁት እኔ ነኝ።